ከቀዶ ሕክምናው በፊት፦ ብረት ወደ ደም ሥር የገባበት ረጅም መንገድ

በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ለንደን ውስጥ ቶማስ ሲደናም የሚባል ሐኪም ነበር። ፊታቸው የገረጣ፣ ጥቂት ሲራመዱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወጣት ሴቶች ሲመጡለት የብረት ብናኝ በወይን ጠጅ ዘፍዝፎ ያጠጣቸዋል። ብረቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ በዘመኑ የሚያውቅ አልነበረም። ሲደናም የጻፈው በዓይኑ ያየውን ነው፦ የደም ሥር ምታቸው ይበረታል፣ የገረጣው ፊታቸው መልሶ ይቀላል። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ቦሎኛ ላይ ቪንቼንዞ ሜንጊኒ ደም አቃጥሎ አመዱን በማግኔት ፈተነው፤ ማግኔቱም ከአመዱ ብናኝ ሳበ። ብረቱ በብዛት የሚገኘው በቀዩ የደም ክፍል ውስጥ መሆኑም በዚያው ታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ክንዱ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ብረት የሚወስድበት ሕክምና ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል። ነገር ግን የብረት ታሪክና የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሳይተዋወቁ ለየብቻቸው ነው የተጓዙት። የተገናኙት በቅርቡ ነው፤ ምን ያህል እንደዘገዩ ማየት ያስቆጫል።

በ1832 ፈረንሳዊው ፒየር ብሎ የብረት እንክብል ሠርቶ ለደም ማነስ ሕሙማን መስጠቱን አስታወቀ። እንክብሉ በስሙ እየተጠራ አውሮፓን አዳረሰ። ይሁን እንጂ በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ አንዳንድ ሊቃውንት ከምግብ ጋር ያልተዋሐደ ብረት በአንጀት በኩል ጨርሶ አይገባም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩን በ1893 የፈታው ኤዲንብራ ላይ ይሠራ የነበረው ራልፍ ስቶክማን ነው። ብረቱን በመርፌ ከቆዳ ሥር ሰጠ፤ አንጀት ሳይነካውም የሕሙማኑ ደም ተሻሻለ። ብረት በመርፌ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ደም እንደሚሆን የታየው ያኔ ነው።

በ1932 ቦስተን ውስጥ ክላርክ ሂዝ፣ ሞሪስ ስትራውስ እና ዊሊያም ካስል ነገሩን በልክ መረመሩት። በመርፌ የሰጡትን የብረት መጠንና በኋላ የጨመረውን ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ አስተያዩ። ሁለቱ ሒሳቦች ተቀራርበው ተገኙ፤ የተወጋው ብረት ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሄሞግሎቢን ተለውጦ ነበር። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 3.4 ሚሊግራም ያህል ብረት ይይዛል፤ ስለዚህ ደም ምን ያህል ብረት እንደጎደለው በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል ማለት ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ራሱ ነበር። ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ሲሰጥ ሕመምተኛው ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱም ያሽቆለቁላል። ደም ውስጥ ብረት የሚጓዘው ትራንስፈሪን በሚባል ፕሮቲን ላይ ታስሮ ነው፤ የፕሮቲኑ አቅም ውስን በመሆኑ ሳይታሰር የቀረው ብረት መርዝ ይሆናል።

ብዙም ሳይቆይ እንግሊዛውያኑ ሮበርት ማካንስና ኤልሲ ዊዶውሰን ሌላ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አሳዩ፦ ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወግድበት መውጫ የለውም። በአንጀት በኩል የሚገባው በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቀው በሩን በማጥበብ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ይህን በር አልፎ ስለሚገባ ያለ ስሌት አይሰጥም።

በዚያው ዘመን ቀዶ ሕክምናው በሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። በ1942 የሜዮ ክሊኒክ የማደንዘዣ ሐኪሞች ጆን ለንዲና ቻርልስ አዳምስ አንድ ምክር ጻፉ። ሕመምተኛው ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ሄሞግሎቢኑ በዴሲሊትር ከ10 ግራም በታች ከሆነ ደም ይሰጠው ይላል። ምክሩ በልምድ ላይ የቆመ እንጂ በጥናት የተፈተነ አልነበረም። ሆኖም ለአርባ ዓመት ያህል እንደ ሕግ ተሠራበት። በእኔ እይታ ከቁጥሩ ይበልጥ የጎዳው ከቁጥሩ ጋር የመጣው ልማድ ነው፦ የደም ማነስ መንስኤው ተፈልጎ የሚታከም በሽታ መሆኑ ቀርቶ፣ በዋዜማው በሌላ ሰው ደም የሚሞላ ጉድለት ሆነ። ለምን አነሰ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ።

ብረቱን መርዛማ ያልሆነ የማድረጉ ሥራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ፍሬ አፈራ። በ1947 ኒሲም የሚባል ተመራማሪ ብረትን ከስኳር ጋር አዋሕዶ በደም ሥር መስጠቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጡት መድኃኒቶች በሙሉ በዚሁ ዘዴ የተመሠረቱ ናቸው። ብረቱ በስኳር ቅርፊት ተሸፍኖ ወደ ደም ይገባል፤ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ያሉ በላተኛ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ቅርፊቱን ፈትተው ብረቱን ያከማቹና እህሉን ከጎተራው በቁና እየሰፈረ እንደሚያወጣ ገበሬ ለትራንስፈሪን በልኩ ይሰጣሉ። ትራንስፈሪን ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስ ወደሚሠራበት መቅኔ ያደርሰዋል። በ1954 እንግሊዝ ውስጥ ዴክስትራን ከሚባል የስኳር ሰንሰለት ጋር የተዋሐደው ኢምፌሮን መጣ፤ መጀመሪያ በጡንቻ፣ በኋላም በደም ሥር ይሰጥ ጀመር።

ኢምፌሮን ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 6 ቀን 1953፣ ፊላደልፊያ በሚገኘው ጄፈርሰን ሆስፒታል ጆን ጊበን በሠራው የልብና ሳንባ ማሽን እየታገዘ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ ከፍቶ በላይኛዎቹ ክፍሎች መካከል የነበረውን ቀዳዳ ደፈነ። ለ26 ደቂቃ የልቧንና የሳንባዋን ሥራ ሙሉ በሙሉ የሠራው ማሽኑ ነው። ልብን ከፍቶ መጠገን የሚቻልበት ዘመን ገባ፤ የደም ጥማቱም አብሮ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቱቦዎቻቸው በደም መሞላት ነበረባቸው፤ ለአንድ ሕመምተኛ የብዙ ሰው ደም ይሰበሰብ ነበር።

በ1960 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ናዚህ ዙህዲ ማሽኑን በደም ፈንታ በስኳር ውሃ መሙላት እንደሚቻል አሳየ። ሂዩስተን ላይ ዴንተን ኩሊ ይህንኑ ዘዴ በሰፊው ሠራበት። ዘዴው ብዙ ደም አዳነ፤ አንድ ነገር ግን አባሰ። ከሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ከሕመምተኛው ደም ጋር ሲቀላቀል ደሙ ይቀጥናል። ሄሞግሎቢኑ 14 የነበረ ሰው መቅጠኑን ይችለዋል። 10 ይዞ የገባ ግን ማሽኑ ላይ ሲወጣ ወደ 7 ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ኩላሊቱና አንጎሉ የኦክስጅን እጥረት የሚሰማቸው ያኔ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪንና ማሽኑ የሚያደክማቸው ደም አርጊ ሕዋሳት (ፕሌትሌቶች) ሲጨመሩበት መድማቱ ይበረታል። የደም ማነስ በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ከሌላው ሁሉ የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በግልጽ ያሳዩት በእምነታቸው ምክንያት ደም የማይወስዱት የይሖዋ ምሥክሮች ናቸው። ብዙ ሐኪሞች አንነካቸውም ሲሉ ኩሊ ተቀበላቸው። በ1977 ከሥራ ባልደረባው ዴቪድ ኦት ጋር ባወጣው ዘገባ፣ ከተወለደ አንድ ቀን ከሆነው ሕፃን እስከ 89 ዓመት አዛውንት ባሉ 542 ታካሚዎች ላይ የልብና የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ያለ አንዲት ጠብታ የሌላ ሰው ደም መሠራቱን ገለጸ። እኔን የሚይዘኝ በዘገባው ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ ሒሳብ ነው። ደም በመፍሰሱ ብቻ የሞቱት 3 ናቸው፤ ከቀዶው በፊት ወይም በኋላ የነበረ የደም ማነስ ግን በ12 ሰዎች ሞት ላይ እጁ ነበረበት። ደም መስጠት በማይቻልበት ቦታ፣ ሕመምተኛው ይዞት የሚገባው ደም የሕይወት ጉዳይ መሆኑ በቁጥር ተጽፎ ተቀመጠ። እነዚህን ሰዎች የሚያክሙ ሐኪሞች ከቀዶው በፊት ደምን የመገንባት ሥራ ውስጥ የገቡት ምርጫ ስላልነበራቸው ነው። ሌላው ታካሚ የደም ከረጢት ስላለው ይህ ትጋት አልደረሰውም።

በደም ሥር የሚሰጠውም ብረት በዚያ ጊዜ ስሙ ጠፍቶ ነበር። በ1980 አሜሪካ ውስጥ ሃምስትራና ባልደረቦቹ ብረት ዴክስትራን በደም ሥር የወሰዱ 481 ሰዎችን ተከታትለው፣ 3ቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ የአለርጂ ቁጣ እንደገጠማቸው አወጡ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለማደንዘዣ ሐኪም ግን ከ160 ያህል ሰው አንዱ በዓይኑ ፊት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ጥፋቱ በዋናነት የትላልቆቹ የዴክስትራን ሞለኪውሎች መሆኑ ኋላ ላይ ቢታወቅም ፍርሃቱ የብረት መርፌን በሙሉ ሸፈነ። በሕክምና ትምህርት ቤት ፍርሃቱን የተማሩ ሐኪሞች መድኃኒቱ ከተለወጠ በኋላም ለብዙ ዓመታት አልተላቀቁትም።

ብረቱን ወደ ሆስፒታል መልሶ ያስገባው የኩላሊት ሕመም ነው። በ1977 ቺካጎ ላይ ዩጂን ጎልድዋሰርና ጃፓናዊው ታካጂ ሚያኬ ከደም ማነስ ሕሙማን ከተሰበሰበ 2,550 ሊትር ሽንት ውስጥ ኤሪትሮፖይቲንን አጣርተው አወጡ። መቅኔን ደም አምርት ብሎ የሚያዝዘው ይህ ሆርሞን ነው። በ1989 በአሜሪካ ለኩላሊት ሕሙማን ሲፈቀድ፣ ዳያሊሲስ ላይ ያሉ ሰዎች መቅኔ በአንድ ጊዜ ሥራውን ጀመረ፤ ሳይቆይም ብረት አለቀበት። እንክብሉ አልደርስ አለ። ስለዚህ በአውሮፓ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ከስኳር የተዋሐደ ብረት፣ አይረን ሱክሮስ፣ በ2000 አሜሪካም ገባ። ዳያሊሲስ ክፍሎች በሺህ ለሚቆጠሩ ሕሙማን በየሳምንቱ ሲሰጡት ደኅንነቱ ተመሰከረ።

የተለገሰ ደም ላይ የነበረው እምነት ደግሞ በኤድስ ዘመን ተናጋ። በ1985 የኤችአይቪ ምርመራ እስኪጀመር ድረስ በደም ከረጢት በኩል ቫይረሱ የተላለፈባቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። በ1988 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የሊቃውንት ጉባኤ 10 ግራም የሚለው አሮጌ ሕግ ለብቻው ደም ለመስጠት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ተናገረ። በ1999 ደግሞ ካናዳዊው ፖል ሄበርና ባልደረቦቹ በ838 ጽኑ ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሄሞግሎቢን ከ7 በታች እስኪወርድ ጠብቆ ደም መስጠት ቀደም ብሎ ከመስጠት የባሰ ውጤት እንደሌለው አሳዩ።

እንክብል ለምን እንደማይበቃም ምክንያቱ የተገኘው በዚያው ሰሞን ነው። በ2000 እና በ2001 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቶማስ ጋንዝን ቡድን ጨምሮ የተለያዩ ተመራማሪዎች ሄፕሲዲን የሚባለውን የጉበት ሆርሞን አገኙ። ሰውነት ሲቆጣ፣ ኢንፌክሽን ሲገባ ወይም ልብ ለረጅም ጊዜ ሲታመም ጉበት ሄፕሲዲን ያበዛል፤ እሱም አንጀት ብረት እንዳያሳልፍ፣ የተከማቸውም እንዳይወጣ ይዘጋዋል። ብዙ የልብ ሕሙማን የአይረን ኪኒን ለወራት ውጠው ደማቸው ፈቀቅ የማይለው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ መድኃኒታችሁን በትክክል አልወሰዳችሁም እየተባሉ በከንቱ ተወቅሰዋል።

ከዚያ በኋላ ሁኔታው ፈጠነ። በ2007 አውሮፓ ውስጥ ፌሪክ ካርቦክሲማልቶስ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ አዲስ ብረት ተፈቀደ። የቀድሞው አይረን ሱክሮስ በአንድ ጊዜ 200 ሚሊግራም ያህል ሲሰጥ፣ አዲሱ 1,000 ሚሊግራም በ15 ደቂቃ ውስጥ ይገባል። አንድ ከረጢት ደም የሚይዘው ብረት ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ስለሆነ፣ በአንድ ቀጠሮ የአራት ከረጢት ያህል ብረት መስጠት ተቻለ። ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ለሚጠብቀው ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

በ2008 ቶሮንቶ ላይ ኬይቫን ካርኩቲና ባልደረቦቹ በ7 የካናዳ ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 3,500 ሰዎችን መዝገብ መረመሩ። 26 በመቶው የደም ማነስ ይዘው ነበር ወደ ቀዶ ክፍል የገቡት፤ የመሞት፣ በስትሮክ የመመታት ወይም ኩላሊታቸው የመጎዳት ዕድላቸውም ሌሎች ሕመሞች ከተሰሉ በኋላ እንኳ ሁለት እጥፍ ነበር። በብሪታንያ ከ2010 እስከ 2012 በተደረገ አገር አቀፍ ቆጠራ ደግሞ ድርሻው 31 በመቶ ሆነ። በ2010 የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ከደም ከረጢቱ አስቀድመው የሕመምተኛውን የራሱን ደም እንዲንከባከቡ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች እርስ በርስ አልተስማሙም። በ2011 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ለሚያደርጉ 74 የደም ማነስ ሕሙማን ጥናት ተደረገ፤ ግማሾቹ በዋዜማው 200 ሚሊግራም ብረት በደም ሥር ከኤሪትሮፖይቲን ጋር ወሰዱ። ደም መውሰድ ያስፈለጋቸው ሰዎች ድርሻ ከ86 በመቶ ወደ 59 በመቶ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ከካናሪ ደሴቶች የወጣ ጥናት ግን ብረት በደም ሥርም ሆነ በአፍ ሲሰጥ ጥቅም አላገኘበትም። በ2013 ፐርዝ ላይ ኤድዋርድ ሊተንና ባልደረቦቹ 75 ጥናቶችን አንድ ላይ አመዘኑ፦ የደም ሥር ብረት ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል፣ ደም የመውሰድን አስፈላጊነት ይቀንሳል፣ ኢንፌክሽንን ግን ሊጨምር ይችላል። ባክቴሪያም ብረት ይፈልጋልና ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ኢንፌክሽን ላለበት ሰው ሐኪሞች ብረቱን የሚያዘገዩት ለዚህ ነው።

የኮሪያው ጥናት በቫልቭ ሕሙማን ላይ መሆኑ ለእኛ አገር ቅርብ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ የልብ ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በሮችን የሚያበላሸው ሩማቲክ በሽታ የያዛቸው ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ተራ የሚጠብቅ ልጅ ጥበቃው ረጅም ነው፤ ቀኑ ሲደርስም ደም የሚለግስ ዘመድ አዝማድ ማሰባሰብ ቤተሰቡን ያስጨንቃል። ያ የጥበቃ ጊዜ የደም ማነስ የሚመረመርበትና የሚታከምበት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ የአንጀት ትሉም፣ የምግቡም፣ የብረቱም ጉዳይ በዚያው ይታያል።

ትልቁ ሙከራ የተካሄደው ዙሪክ ላይ ነው። ከጥር 2014 እስከ ሐምሌ 2017 በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የማደንዘዣ ሐኪሙ ዶናት ሽፓንና ባልደረቦቹ የደም ማነስ ወይም የብረት እጥረት ያለባቸውን 505 የልብ ቀዶ ሕሙማን መዘገቡ። ፌሪቲናቸው፣ ማለትም በደም የሚለካው የብረት ክምችት ጠቋሚ፣ በሊትር ከ100 ማይክሮግራም በታች የሆኑትን፣ ሄሞግሎቢናቸው ገና ያልወረደውን ሳይቀር አካተቱ። ግማሾቹ በዋዜማው፣ ቀጠሯቸው ሰኞ ከሆነ ደግሞ ዓርብ ዕለት፣ አራት ነገር ተሰጣቸው፦ በኪሎ 20 ሚሊግራም ብረት በደም ሥር፣ 40,000 ዩኒት ኤሪትሮፖይቲንና 1 ሚሊግራም ቫይታሚን ቢ12 ከቆዳ ሥር፣ 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ በአፍ። ሌሎቹ ተመሳሳይ መስሎ የሚታይ ባዶ መድኃኒት ወሰዱ።

አንድ ቀን ምን ሊያመጣ ይችላል የሚል ጥርጣሬ ነበር፤ መቅኔ አዲስ ቀይ ሕዋስ ለማውጣት ቀናት ይፈልጋልና። በ2019 ላንሴት ላይ የወጣው ውጤት መልስ ሰጠ። በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የተሰጠው ደም መካከለኛ መጠን ከ1 ከረጢት ወደ 0 ወረደ። የታከሙት ያነሰ ደም ወስደውም ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። የዋዜማው ሕክምና ዋጋው ከቀዶው በኋላ ባሉት ቀናት ነው የታየው፤ መቅኔው የጎደለውን ለመተካት የሚያስፈልገው ሁሉ ቀርቦለት ነበር። በሞት ቁጥር ላይ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። አራቱም አብረው ስለተሰጡ የብረቱን ድርሻ ለብቻው ለይቶ መናገር አይቻልም።

ይህ ጥያቄ በ2020 ከረረ። በብሪታንያ በቶቢ ሪቻርድስ መሪነት በ487 የደም ማነስ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት፣ ትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ ከ10 እስከ 42 ቀን በፊት 1,000 ሚሊግራም ብረት ብቻውን ሰጠ። ሄሞግሎቢን ጨመረ፤ ደም የወሰዱ ወይም የሞቱ ሰዎች ድርሻ ግን በሁለቱም ወገን ከሞላ ጎደል እኩል ሆነ። ከታከሙት መካከል ወደ ሆስፒታል ተመልሰው የተኙት ግን ያነሱ ነበሩ። ብረት ብቻውን አይበቃም ያሉ በዚህ ጥናት ተደገፉ። ሌሎች ግን፣ የሆድ ቀዶ እንደ ልብ ቀዶ ደም የሚያቀጥን ማሽን ስለሌለው ውጤቱ ወደ ልብ ሊዛወር አይችልም ብለው መለሱ። ከዚህ ክርክር ጎን ለጎን በአውስትራሊያ የተነደፈው አይታክስ የተባለ ሙከራ ለልብ ቀዶ ሕሙማን ብቻ ብረት እየሰጠ፣ ከቀዶው በኋላ ባሉት 90 ቀናት ስንቱን በሕይወት ሆነው በቤታቸው እንዳሳለፉ መቁጠርን መለኪያው አደረገ። መለኪያውን እወደዋለሁ፤ ሕመምተኛው ራሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በመካከሉ አሠራሩ ተለውጧል። ሚያዝያ 2018 ፍራንክፈርት ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የደም ማነስ ከቀዶ ሕክምናው ቀን በበቂ ጊዜ ቀድሞ እንዲመረመር፣ የብረት እጥረት ያለበትም ብረት እንዲወስድ መከረ። በዚህ በሚሠሩ ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ሕክምና ሲወሰን ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲንና የትራንስፈሪን ሙሌት በዚያው ዕለት ይመረመራሉ። ወንድ ከ13፣ ሴት ከ12 በታች ከሆኑ መንስኤው ይፈለጋል፤ የተደበቀ የጨጓራ ወይም የአንጀት መድማት ያለበት ሰው የሚያዘው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ብረት ከጎደለና ቀዶው ሊጠብቅ የሚችል ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አስቀድሞ በደም ሥር ይሰጣል፤ ነርሷ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል ሕመምተኛውን ትከታተላለች፤ አንዳንዶቹ የብረት ዓይነቶች የደም ፎስፌትን ስለሚቀንሱ እሱም ይታሰባል። ከዚያም ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሄሞግሎቢኑ ለቀዶው ሲመጣ እንደገና ይለካል።